መነጽር ከመቀየራችሁ በፊት፦ ለጎንደርና ለስሜን ወፍ ተመልካቾች

ለወፍ ማያ የተሻለ የርቀት መነጽር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሻጭ ዝርዝር ነው። ስንት እጥፍ ያቀርባል፣ ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ዋጋውስ እያለ አራት አምስት ዓይነት ይደረድርና አቅሙ የሚፈቅደውን ትልቁን ቁጥር ይመርጣል። እኔ የምመክረው ከሌላው ጫፍ መጀመርን ነው። ማነጻጸሩ መነሳት ያለበት አሁን በእጃችሁ ያለው መነጽር ካሳጣችሁ ወፍ ነው። የትኛው ወፍ እንዳመለጣችሁ፣ የት፣ በስንት ሰዓትና በምን ምክንያት እንደሆነ ካወቃችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ይህን ሳታውቁ ከገዛችሁ ግን ገንዘባችሁ ቀድሞም ችግር ላልነበረበት ነገር ሊወጣ ይችላል። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ደግሞ መነጽር የሚጠየቀው ሥራ ብዙ ዓይነት ነው። በፋሲል ግቢ ግንቦች ላይ የሚሰፍሩትን ወፎች በቅርብ ርቀት መለየት አንድ ነገር ነው፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጽር ውስጥ በጽድ ጥላ የምትሽሎከሎክ ትንሽ ወፍ መከተል ሌላ ነው፤ በስሜን ከሳንቃበር ወይም ከጨነቅ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ከበታች የሚያንዣብብ ጥንብ አንሳ ማየት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ሦስቱንም በእኩል የሚያሟላ መነጽር በመካከለኛ ዋጋ አይገኝም። በውድ ዋጋም ቢሆን የለም።

የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተር ያዙ፤ አይታችሁት ሳትለዩት የቀረውን እያንዳንዱን ወፍ ከነምክንያቱ ጻፉበት። ምክንያቶቹ በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ጨለማ ነበር፣ በጣም ሩቅ ነበር፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መነጽሩን ሳነሳ ወፉን አጣሁት፣ ፎከስ እስካደርግ በረረ፣ ቀለሙ አልታይ አለ፣ ሌንሱ ጭጋግ ለበሰ። ጥቅምት ላይ ጀምራችሁ ከአውሮፓ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች እስኪመለሱ ድረስ ብትጽፉ ደብተሩ በራሱ ይናገራል። «ወፉን አጣሁት» የሚለው ከበዛ የሚያስፈልጋችሁ ሰፊ እይታ ነው። «ጨለማ ነበር» ከበዛ የሌንሱን ስፋትና የመስታወቱን ጥራት ተመልከቱ። «እጄ ተንቀጠቀጠ» የሚለው የሚደጋገም ከሆነ፣ የበለጠ የሚያቀርብ መነጽር መግዛት ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። «ሩቅ ነበር» የሚለውን በተለይ ተጠንቅቃችሁ ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ ሩቅ የመሰለው ወፍ በእውነት የጠፋው በመንቀጥቀጥ ወይም በደበዘዘ ምስል ምክንያት ነው።

ደብተሩ አሮጌው መነጽር ጥፋተኛ ነው ካለም ቶሎ አትፍረዱበት። ብዙ መነጽር የሚጣለው ተበላሽቶ ሳይሆን ለባለቤቱ ዓይን ሳይስተካከል ስለቀረ ነው። የሰው ሁለት ዓይኖች እኩል አያዩም፤ ለዚህም በአብዛኛው በቀኝ ዓይን በኩል የሚዞር ቀለበት ተሠርቷል። ሠላሳ አርባ እርምጃ ርቆ ያለ ጥርት ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የግንብ ድንጋይ ጠርዝ ወይም በታፔላ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ ምረጡ። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጃችሁ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ የመሐሉን ጎማ አዙሩና አጥሩ። ከዚያ የግራውን ሸፍኑ፤ የመሐሉን ጎማ ሳትነኩ የቀኙን ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ ምስሉ ቁልጭ እስኪል ድረስ አስተካክሉ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ሰው ተውሶት ሲመለስ ዳግም መፈለግ አይኖርባችሁም። ቀጥሎ የሁለቱን ጎን አሰላለፍ መርምሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የጣሪያ ጠርዝ እያያችሁ መነጽሩን ከዓይናችሁ ቀስ በቀስ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ሁለት ክብ ምስል ይታያችኋል፤ ሽቦው በሁለቱም ክቦች ውስጥ በአንድ ከፍታ መሆን አለበት። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ መነጽሩ ወድቆ በውስጡ ያለው ፕሪዝም ተናግቷል፤ ሲያዩበት ራስ የሚያሳምመውም ይኸው ነው። በርካሽ መነጽር ላይ ይህን ማሠራት ከዋጋው ይበልጣል፤ ያን ጊዜ መቀየር ተገቢ ነው። በሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ክረምቱን በእርጥበት ያደገ ሻጋታ ነው፤ ያን ጊዜም መቀየሩ ይሻላል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። በመነጽር ላይ 8 በ42 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊቱ ሌንስ በሚሊ ሜትር ስንት እንደሚሰፋ ይናገራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ፤ ለ8 በ42 መነጽር 5.25 ሚሊ ሜትር፣ ለ10 በ42 ደግሞ 4.2፣ በኪስ ለሚያዘው 10 በ25 ግን 2.5 ብቻ ነው። ይህ ክብ ከዓይናችሁ ብሌን ካነሰ ምስሉ ይጨልማል፤ ዓይንን በትክክለኛው ቦታ ላይ ማሳረፍም ያስቸግራል። በቀን ብርሃን ብሌናችን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ጠብቦ ስለሚቆይ ቀትር ላይ በትንሹና በትልቁ መካከል የጎላ ልዩነት አታዩም። ልዩነቱ የሚወጣው ማለዳ ላይ፣ ማታ ላይና በዛፍ ጥላ ውስጥ ነው፤ ወፍ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ደግሞ በእነዚሁ ሰዓቶችና ቦታዎች ነው።

ከሁሉም በላይ ክርክር የሚያስነሳው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ስሜንን የሚያውቅ ሰው «ገደሉ ሺህ ሜትር ጥልቀት አለው፣ ጥንብ አንሳው ከማዶ ነው፣ 8 እጥፍ ምን ይሠራልኛል? 10 ወይም 12 ይሻላል» ይላል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በተለይ ዋልያና ጥንብ አንሳ ለእንግዳ ማሳየት ሥራው ለሆነ የደባርቅ አስጎብኚ የርቀት ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ነገር ግን መነጽር ወፉን ሲያቀርብ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያቀርባል። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ቧሂት ተራራ የወጣ ሰው 4,400 ሜትርን ያልፋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ከገደሉ ሥር የሚነሳው ነፋስም ክንድን አያስቆምም። በዚህ ሁኔታ በእጅ የተያዘ 10 እጥፍ መነጽር ከ8 እጥፉ በላይ የሚያሳየው ተጨማሪ ዝርዝር በመንቀጥቀጡ ውስጥ ይጠፋል። 12 እጥፍ ያለ ትራይፖድ ጭራሽ አይረጋም። ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ የጋለው አየር ከገደሉ ግድግዳ እየተግተለተለ ስለሚወጣ የሩቁ ምስል ይንቀለቀላል፤ ይህን የአየር መንቀልቀል የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም፣ ማጉላቱ ያባብሰዋል እንጂ።

ሌላው መረጃ የእይታ ስፋት ነው። የኒኮን ሞናርክ ኤም 7 መነጽር በ8 እጥፉ በ1,000 ሜትር ርቀት 145 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ በ10 እጥፉ ግን ወደ 121 ሜትር ይወርዳል። ከእጃችሁ ስር በድንገት ተወርውሮ ወደ ገደሉ የሚወርድ ወፍ ለመያዝ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ወፉ በሰማይ ላይ ብቻውን ከሆነ መፈለጉ ይቀላል፤ ከበስተኋላው የገደል ግድግዳ፣ ሣርና ጥላ ሲኖር ግን ጠባብ መነጽር ይዞ ወፍ ማግኘት ብዙ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ የእኔ ብያኔ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ መነጽር ከሆነ 8 በ42 ይሁን። ከዚህ ብያኔ የማወጣው ሰው አንድ ዓይነት ነው። ሥራው ከገደል አፋፍ የማይርቅ፣ በከተማና በጫካ እምብዛም ወፍ የማያይ፣ ክርኑን በጉልበቱ ወይም በአለት ላይ አሳርፎ ማየት የለመደ ሰው በ10 በ42 ይጠቀማል። እንዲህ ያሉ አስጎብኚዎች ሦስት አራት ሆነው ከትራይፖድ ጋር አንድ የጋራ ቴሌስኮፕ ቢገዙ ግን ለእንግዳውም ለራሳቸውም የበለጠ ይጠቅማል እላለሁ፤ ከሩቅ ገደል ላይ ጎጆውን የሠራው ጺማም ጥንብ አንሳ ከቴሌስኮፕ ውጪ በደንብ አይታይም።

42 ሚሊ ሜትሩ ለምን እንደሚበቃ በአጭሩ ልናገር። ጎንደር ከምድር ወገብ 12.6 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ናት፤ ንጋቱም ምሽቱም እንደ አውሮፓ የተራዘመ አይደለም፣ ሃያ ደቂቃ አለፍ ብሎ ያልቃል። 50 ወይም 56 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው መነጽር ጥቅሙ የሚጎላው በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ክብደቱ ግን ከደባርቅ እስከ ጨነቅ በአንገት ላይ ነው። 32 ሚሊ ሜትሩ በበኩሉ ቀላል ነው፤ በከተማ ውስጥ በቀን ብርሃን ለሚያይ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ነገር ግን በቁስቋምና በደብረ ብርሃን ሥላሴ ዛፎች ሥር ማለዳ ከቅዳሴ በኋላ የሚያይ ሰው ልዩነቱ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ራሳቸው ወደ መነጽሮቹ። መካከለኛ ዋጋ የምለው በውጭ ገበያ ከ200 እስከ 500 ዶላር ያለውን ነው። በዚህ ክልል ደጋግመው ከሚነሱት ውስጥ ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲና ኒኮን ሞናርክ ኤም 5 በታችኛው እርከን፣ ኒኮን ሞናርክ ኤም 7ና ዛይስ ቴራ ኢዲ በላይኛው እርከን ይገኛሉ። አራቱም በ8 በ42 መጠን ይሠራሉ፤ አራቱም ውስጣቸው በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ጋዝ ተሞልቶ ውኃና እርጥበት እንዳያስገባ የታሸገ ነው። ይህ መታሸግ ለስሜን ቅንጦት አይደለም። በበጋ ሌሊት ጨነቅ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያልታሸገ መነጽር ከድንኳን ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ መኪና ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛው እስኪደርቅ ድረስም ማለዳው ያልፋል። ስለዚህ ያልታሸገ መነጽር በምንም ዋጋ ቢቀርብ ለዚህ አገር አትግዙ።

በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር ሳይሆን በርቀት አስቡት። ከእናንተ 100 ሜትር ርቆ ባለ ዛፍ ላይ ኤም 5 የሚያሳየው ወርድ 11.2 ሜትር ነው፤ ቴራው 12.5፣ ዳይመንድባኩ 13.1፣ ኤም 7 ደግሞ 14.5 ያሳያሉ። አንድ ትልቅ ሾላ በኤም 7 ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊገባ ይችላል፤ በኤም 5 ግን መነጽሩን ማንቀሳቀስ ይኖርባችኋል። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ባሉት ሾላዎች ላይ የሚመገቡ ወፎችን ለሚቆጥር ሰው ይህ ልዩነት የሁለት መቶ ዶላር ዋጋ ሊኖረው ይችላል። አንድ ወፍ ለይቶ ለሚያይ ሰው ግን አይኖረውም። በቅርብ የማየት ችሎታቸውም ይለያያል፤ ዳይመንድባኩ እስከ 1.5 ሜትር፣ ቴራው 1.6፣ ኤም 7 እስከ 2፣ ኤም 5 እስከ 2.5 ሜትር ቀርቦ ያጠራል። ስሙን ከተከዜ የወሰደው የደጋ የአበባ ማር ወፍ ከፊታችሁ ጅብራ ላይ ሲያርፍ የላባውን ሐምራዊ ብልጭታ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ይቆጠራል። በክብደት ዳይመንድባኩ 600 ግራም ገደማ፣ ኤም 5 630፣ ኤም 7 670 ሲሆኑ ቴራው ከ700 ግራም ያልፋል። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ኤም 5 ይቅርባችሁ ማለት ስህተት ነው፤ ከዓይን 19.5 ሚሊ ሜትር ርቆም ሙሉውን ምስል ስለሚያሳይ ከአራቱ ለባለመነጽር የሚመቸው እሱ ነው። የተቀሩት 17 እና 18 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱ ያለው በደብተራችሁ ውስጥ ነው። «ወፉን አጣሁት» የሚለው ከበዛ ኤም 7 ተጨማሪውን ገንዘብ ይገባዋል። ችግሩ የጨለመና የደበዘዘ ምስል ብቻ ከሆነ፣ ከርካሽ መነጽር ወደ ኤም 5 ወይም ወደ ዳይመንድባክ መሸጋገር ራሱ ትልቁን ልዩነት ያመጣል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ የሚገዛው በአብዛኛው የምስሉን ዳርቻ ጥራት፣ የእይታ ስፋትና የቀለም ንጽሕና ነው። መሐሉ ላይ ያለችው ወፍ በሁሉም ጥርት ብላ ትታያለች።

ይህን አባባል በራሳችሁ ዓይን ልታረጋግጡት ትችላላችሁ፤ የሚቀጥለው እርምጃ ጎን ለጎን መፈተሽ ነው። ሁለት መነጽሮች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ዓይን መታየት አለባቸው፤ ትናንት ያያችሁትን ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። የመጀመሪያውን ፈተና በፋሲል ግቢ አድርጉት። በግንቦቹ ላይ ነጭ አንገትጌ ያላት እርግብና መንቁሩ የነጣው ጥቁር ሰማያዊ ወፍ ይሰፍራሉ። ሁለቱም የሚገኙት በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስሜንና ወደ ጎንደር የመጣው የፍራንክፈርቱ ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። መንቁሩ የነጣውን ወፍ ከሌሎቹ ዘመዶቹ የሚለየው ይኸው መንቁሩ ስለሆነ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከግንቡ ጥላ በኩል ያለውን ምረጡና በሁለቱም መነጽሮች ተራ በተራ እዩት። መንቁሩ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ በየትኛው እንደተለየ ጻፉ። ይህ ከማንኛውም የሻጭ ወረቀት የበለጠ ስለ ብርሃን ይነግራችኋል። ግንቡ ራሱም ሌላ መፈተኛ ነው። የድንጋዩን መስመር መሐል ላይ አጥርታችሁ መነጽሩን ሳታንቀሳቅሱ ወደ ዳርቻው ተመልከቱ፤ ጥራቱ ከምኑ ላይ መበላሸት እንደሚጀምር አስተውሉ። ሁለት ሦስተኛውን ያህል ጥርት ካለ ለዚህ ዋጋ መልካም ነው።

ቀለሙን ለመፈተሽ ከሰማይ ጋር የሚታይ ጥቁር ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከስሜን ቁራ የተሻለ የለም። ወፍራም መንቁር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ በሳንቃበርም በጨነቅም ከሰው አይሸሽም። ደመና የሸፈነው ብሩህ ሰማይ ከኋላው ሆኖ ሲያርፍ የጀርባውን ጠርዝ እዩ፤ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ክር ከታየ መስታወቱ ብርሃኑን እየበተነ ነው። በምርቱ ስም መጨረሻ ላይ ኢዲ የሚል ምልክት ያለበት መስታወት የተሠራው ይህን ለመቀነስ ነው። ጠርዙ ላይ ጥቂት ክር ቢታይ አትደንግጡ፤ መሐል ላይ ከታየ ግን መነጽሩን ተዉት። ለጥቃቅን ዝርዝር ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ በነፋስ መካከል መሬት ለመሬት የምትለቅም ቡኒ ዝንጉርጉር ወፍ ፈልጉ። የአንኮበር ሴሪን የምትባለው ብርቅ ወፍ በስሜንም ትገኛለች፤ እሷን ከተራው ዝንጉርጉር ዘር በል ወፍ መለየት ለማንኛውም መነጽር ከባድ ፈተና ነው። ፎከሱን ደግሞ ማለዳ በብርድ ፈትሹት። ቀን ላይ በምቾት የሚዞረው ጎማ ጨነቅ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቅባቱ ረግቶ ሊጠጥር ይችላል፤ በጓንት ሊዞር የማይችል ፎከስ የሚያስከትለው ችግር ከሌሎቹ ሁሉ ይብሳል፣ ወፉ አይጠብቅምና።

«ይህን ሁሉ የሚያስፈትሽ ሱቅ ጎንደር ውስጥ የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በከተማው ገበያ የሚገኙት በአብዛኛው ሌንሳቸው እንደ ብርቱካን የቀላ፣ ስማቸው የማይታወቅ፣ ሣጥናቸው ላይ ቁጥሩ የተጋነነ መነጽሮች ናቸው። ያ ቀይ ቀለም ብርሃን ስለሚመልስ ምስሉን ያጨልማል፤ «ከ10 እስከ 90 ዙም» የሚሉትን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ስለዚህ መፈተሻው በሰው እጅ ያለው መነጽር ነው። ወፍ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች በአብዛኛው ጥሩ መነጽር ይዘዋል፤ አስጎብኚ ከሆናችሁ በትሕትና ጠይቃችሁ ሁለት ደቂቃ አይታችሁ የምርቱን ስምና ስሜታችሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ከውጭ የምታስገዙ ከሆነ ደግሞ ለምትልኩት ዘመድ «ጥሩ መነጽር ግዛልኝ» ብላችሁ አትተዉ። ስሙን፣ መጠኑን፣ የዓይን መነጽር ማድረግ አለማድረጋችሁን፣ ሱቅ ውስጥ ከሌላ ጋር አነጻጽሮ የሽቦውን ፈተና እንዲያደርግ ጻፉለት። መመለስ ከሚፈቅድ ሱቅ ይግዛ።

ስለ ዋጋ የሚነሳው ተቃውሞ በሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ «ለወፍ ይህን ያህል ገንዘብ?» ይላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ የቱሪስቱን እግር አሳጥሯል፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመዝናናት ለሚያይ ሰው መልሱ «ገና አትቀይሩ» ሊሆን ይችላል። ለአስጎብኚ ግን መነጽር እንደ አናጢ መጋዝ የሥራ መሣሪያ ነው፤ እንግዳው ሲያሳዩት ያላየውን ወፍ አይቆጥርም። ሌላው ወገን «ዝቅ ያለውን ከመግዛት ታግሼ አጠራቅሜ የስዋሮቭስኪን ወይም የላይካን ምርጡን እገዛለሁ» ይላል። እነዚህ ምርጥ ናቸው፤ ማንም አይክደውም። ዋጋቸው ግን ከመካከለኛው አምስት ስድስት እጥፍ ሲሆን በምስሉ መሐል የሚጨምሩት ጥቂት ነው፤ እስኪጠራቀም ድረስ የሚያልፉት ክረምቶችና በጋዎች ደግሞ የሚመለሱ አይደሉም። ከመካከለኛው መነጽር የተረፈውን በመጽሐፍ ላይ አውሉት፤ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ እ.ኤ.አ. በ2009 ያዘጋጁት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ መጽሐፍ ከማንኛውም ሌንስ በላይ ወፍ ያስለያል።

የስልክ ካሜራና ረዥም ዙም ያለው ካሜራ መነጽርን ይተካል የሚሉም አሉ። ካሜራ ለማስረጃ ጥሩ ነው፤ አጠያያቂ ወፍ አንስታችሁ ማታ በመጽሐፍ ማመሳከር ትችላላችሁ። ነገር ግን ካሜራ ወፉን ካገኛችሁት በኋላ ነው የሚሠራው። ማግኘቱን የሚያደርገው መነጽር ነው።

ዋስትናን በተመለከተ፣ አንዳንድ አምራቾች ዕድሜ ልክ እንጠግናለን ይላሉ፤ ቮርቴክስ በዚህ ይታወቃል። ከጎንደር ወደ ውጭ ልኮ ማስጠገን ግን የመላኪያውን ወጪና ጊዜ ሲያስቡት እምብዛም አይሆንም። ዋስትናውን የሚያሠራላችሁ ሰው ውጭ ከሌለ ለዋስትና ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ። ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የርቀት መነጽር ወደ አገር ሲገባ በፍተሻ ሊያዝ የሚችል ዕቃ ነው። የሚያመጣው ሰው ከመነሳቱ በፊት ጉምሩክ ምን ፈቃድ ወይም ደብዳቤ እንደሚጠይቅ አጣሩ፣ ደረሰኙንም ይያዝ። አገር ውስጥም በኬላ፣ በካምፕና በጸጥታ ኃይሎች አካባቢ መነጽሩን ቦርሳ ውስጥ አድርጉት፤ ወደዚያ አቅጣጫ ለወፍም ቢሆን አታንሱት። በስሜን ፓርክ ውስጥ የምትሄዱ ከሆነም አብሯችሁ ለሚሄደው ስካውት አስቀድማችሁ ንገሩት።

መነጽሩ እጃችሁ ሲገባ ሱቁ መመለስን የሚፈቅድበት ቀን እስኪያልፍ አትጠብቁ። ያመጣላችሁ ዘመድ ገና አገር ውስጥ እያለ በመጀመሪያው ቀን የሽቦውን ፈተና፣ የግንቡን ዳርቻና የመንቁሩን ፈተና አድርጉ፤ ፎከሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፣ በዓይን መነጽራችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥቁር ጥላ ይመጣ እንደሆነ እዩ። ጉድለት ካለ ከነሣጥኑ አብሮት ይመለስ። ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ፤ የስሜን አቧራ እንደ ብርጭቆ ይፈጫል፤ መጀመሪያ በትንፋሽ ሳይሆን በትንሽ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ። አሮጌውን ደግሞ አሰላለፉ ደህና ከሆነ አትጣሉት፤ በደባርቅ ወይም በጎንደር የሚገኝ የተማሪዎች የተፈጥሮ ክበብ ይጠቀምበታል፤ ስትሰጡት በቀኙ ቀለበት ላይ ያደረጋችሁትን የጥፍር ቀለም ጠርጋችሁ አስተካክሉ፣ የእነሱ ዓይን የእናንተ አይደለምና።